የመበለቲቱ ብር በአንኮበር ዳገት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃንን ረግጣ አታውቅም፤ አንኮበር የሚባል አምባ መኖሩን የነገራት ሰውም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን እሷ ከሞተች በኋላ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ መልኳ የተቀረጸበት ብር ሲመነዘር ኖረ። የሸዋ ሰው በእሷ ጥሎሽ ቆጠረ፣ በእሷ በቅሎ ገዛ፣ በእሷ ጠመንጃ ገዛ። ሰውም በእሷ ተሸጠ፤ እሱን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የአያቴ መስቀል ነው። አያቴ ስታርፍ ከማዕተቧ ላይ የነበረችውን የብር መስቀል እናቴ ፈትታ ሰጠችኝ። ትንሽ ናት፤ አውራ ጣቴን አታክልም። ማንጠልጠያዋ ላልቶ ልትወድቅብኝ ስለደረሰች ደብረ ብርሃን ወዳሉ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል። ሽማግሌው ፍሙን እያናፈሱ መስቀሏን ተቀበሉኝና መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ አደረጓት።

«ይቺ ቀልጣ የተሠራች አይደለችም፤ ተቆርጣ ነው» አሉኝ።

«ከምን ተቆርጣ፣ አባባ?»

«ከጠገራ ነዋ! ከማርትሬዛ። ጠርዟን እያት፣ ልጄ።»

ጠርዟ ጠቁሯል እንጂ ለእኔ ምንም አይታየኝም። እሳቸው ከምድጃው አመድ ቆንጠር አድርገው፣ ሎሚ ጠብ አድርገውበት፣ የመስቀሏን የታችኛውን ጫፍ በጨርቅ ይፈትጉት ጀመር። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ብሩ ነጣ። ያን ጊዜ ከጫፏ ውፍረት ላይ፣ ከሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር በማትበልጥ ቦታ፣ ሦስት የላቲን ፊደላት ብቅ አሉ። አነበብኳቸው፤ «ክሌ» ይላሉ። ሽማግሌው ላቲን አያነቡም፤ ጽሑፉን ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። «አባቴ፣ ጠርዙ ላይ ይህ ጽሑፍ ያለበት ብር ባለቤቱን አያሳፍርም ይሉ ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ታሪኩ ከዚያች «ክሌ» ይጀምራል።

ማርትሬዛ የምንላት ማሪያ ቴሬዛ የቪየና ሰው ናት። እ.ኤ.አ. በ1717 ተወለደች፣ በ1740 አባቷ ሲሞት አልጋውን ወረሰች፣ አሥራ ስድስት ልጆች ወለደች። በ1765 ባሏ ሲሞትባት ጥቁር ለበሰች፤ እስክትሞት ድረስም አላወለቀችውም። ስለዚህ በብሩ ላይ የምናያት ሴት መበለት ናት፤ ከራሷ ወደ ትከሻዋ የሚወርደው መሸፈኛ የሐዘን ነው። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ የመንግሥቷ መሪ ቃል ተጽፏል፤ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ በእኛ ሲፈታ «በፍትሕና በምሕረት»። የአያቴ መስቀል የተቆረጠችው ከ«ምሕረት» ላይ ነበር። አያቴ ያንን ቃል ሳታውቀው ዕድሜዋን ሙሉ ደረቷ ላይ ይዛው ኖረች። ይህን ባወቅኩ ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1780 ሞተች። ንጉሥ ሲሞት ገንዘቡም አብሮ ይለወጣል፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። የእሷ ግን አልተለወጠም። የሌቫንትና የቀይ ባሕር ነጋዴዎች «ከዚህኛው ሌላ አንቀበልም» አሉ። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶቹ ዘመን ሳይለውጡ፣ መልክ ሳይለውጡ፣ 1780 የሚለውን ቁጥር እንዳለ ትተው መምታታቸውን ቀጠሉ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ ስፋቱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከመልኳ ሥር «ኤስ. ኤፍ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ በዳኑብ ወንዝ ዳር በጉንዝቡርግ ከተማ የነበረውን ማተሚያ ቤት የሚመሩ የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ የስማቸው መነሻ ናቸው። እነሱም ሞቱ፤ ፊደላቸው ግን አልሞተም።

ዳኑብን ካነሳሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግና እመለሳለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በዚያው ወንዝ ዳርና ዳር ኬልት የሚባሉ ነገዶች ይኖሩ ነበር። ወንዶቻቸው ለመቄዶንያና ለግሪክ ነገሥታት በቅጥር ይዘምታሉ፤ ሲመለሱ የታላቁ እስክንድር አባት የፊልጶስን ብር ይዘው ይመጣሉ። ፊልጶስ በ336 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተገደለ። ኬልቶቹ ግን የእሱን ብር እየቀዱ ከዚያ በኋላም ለብዙ ትውልድ መቱት። በአንደኛው ገጽ የጺማም አምላክ ራስ፣ በሌላው ፈረሰኛ። ሲቀዳ ሲቀዳ የፈረሱ እግር እንጨት፣ ጉልበቱ እንክብል፣ የአምላኩ ጺም የእህል ዘለላ እስኪመስል ድረስ መልኩ የራሳቸው ሆነ። ዛሬ ብራቲስላቫ በምትባለው ከተማ የነበሩት ቦዪ የተባሉት ነገዶች ደግሞ በብራቸው ላይ «ቢያቴክ» የሚል ስም ጻፉበት። በዚያችው ከተማ ማሪያ ቴሬዛ በ1741 የሃንጋሪን ዘውድ ደፋች። የሞተ ንጉሥን ብር ሙጥኝ ማለት ያን ጊዜም ነበረ፤ ያውም እዚያው ወንዝ ዳር።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛስ የራሳችን አልነበረንም ወይ? ነበረን። የአክሱም ነገሥታት፣ ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ ከሦስተኛው መቶ ዘመን እስከ ሰባተኛው መጀመሪያ ድረስ ወርቅም ብርም መዳብም መትተዋል። የብሩን ገንዘብ ዘውዱ አካባቢ በወርቅ የሚለብጡበት ጥበብ ዛሬም የሚያየውን ያስደንቃል። ከዚያ ወዲህ ከ1,200 ዓመት በላይ ደጋው የራሱ የተመታ ገንዘብ አልነበረውም። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ብረት ነበር የሚመነዘረው።

አሁን ወደ አንኮበር ተራራ ሥር ውረዱልኝ። በዘጠና ዲግሪ ገደል ላይ እንደተሰቀለች የምትታየው አንኮበር በስተ ምሥራቋ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ታያለች። ስሟም «የአንኮ በር» ማለት ነው፤ በርነቷ ለዚያ ቆላ ነው። ብሩ በዚያ በር ገባ። ከትሪየስቴ በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ በቀይ ባሕር ወደ ሞካና ወደ ታጁራ፣ ከታጁራ በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከዳገቱ ግርጌ ፋሬ ይደርሳል። ፋሬ ላይ ግመል ያበቃል፤ ዳገቱን ግመል አይወጣውም። ጭነቱ ወደ አህያና ወደ በቅሎ ይዞራል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከዚያ ወደ አልዩ አምባ ይወጣል።

አልዩ አምባ ያን ጊዜ የሸዋ ትልቋ የንግድ ከተማ ነበረች። አርጎባው፣ ሐረሬው፣ አፋሩ፣ ደገኛው አማራ፣ ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1842 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እዚያ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቁ፣ መዳቡ፣ ብሩ ወደ ላይ ይወጣል።

ገበያተኛው ብር ሲቀበል እንዴት እንደሚያይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፤ በጌጡ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች ተለይተው መቆጠር አለባቸው። ቀጥሎ ከራሷ ያለውን የዕንቁ ዘውድ ያያል። ቀጥሎ ከታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልጋል። አንዱ ከጠፋ ወይም ከተፋፋቀ «ይህን አልፈልግም» ብሎ ይመልሳል፤ ያው ብር፣ ያው ክብደት ቢሆንም። ለዚህ የውጭ ተጓዦች «ግትሮች» ይሏቸው ነበር። እኔ ግን ትክክል ነበሩ እላለሁ። ገበያተኛው ላቲን አያነብ፣ ሚዛን የለው፣ ከለላ የሚሆነው ዳኛም ሩቅ ነው። ያለው ዓይኑና ጣቱ ነው። ተፋቀ ማለት ብሩ ተነክቷል፣ ከሱ ላይ ተቀንሷል ማለት ነው፤ ያልተነካውን የሚለየው ዕንቁዋን ቆጥሮ ነበር። ሚዛን ያለውም ሲመዝን በብሩ ይመዝናል፤ አንድ ወቄት ማለት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ማለት ነበር።

ችግሩ ብሩ ትልቅ ነው። አንድ ቁና ጤፍ ለመግዛት አንድ ጠገራ ማውጣት አይቻልም። መዘርዘሪያው አሞሌ ነበር፤ ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ የረዘመ። ከጨው ሜዳው በራቅን ቁጥር ለአንድ ብር የሚሰጠው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረታችን በአንኮበር ጭጋግ ውስጥ አሞሌ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ቀልድ አልነበረም።

አሁን ደግሞ አልደብቅም ያልኳችሁን ልንገራችሁ። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ፣ የተሰረቁ ልጆች እዚያ ቆመው ጥርሳቸው ይታያል፣ ዋጋቸው በጠገራ ብር ይነገራል፣ ከዚያ በዚያው ብሩ በወጣበት መንገድ ወደ ባሕር ይነዳሉ። ብሩ ወደ ላይ ሲወጣ ልጆቹ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። በብሩ ጠርዝ ላይ ፍትሕና ምሕረት ተጽፏል። የሻጩም የገዢውም ጣት ያንን ጽሑፍ ዳስሶታል። ስለ ጠገራ ብር የሚተርክ ሁሉ ይህንን ሳይናገር ካለፈ ትረካው ጎዶሎ ነው።

ያን ጊዜ በአንኮበር የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847። በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ሃሪስ ስጦታ ይዞ መጣና በዚያው ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ሃሪስ የንጉሡን የዓመት ገቢ ከ80 እስከ 90 ሺህ ጠገራ ብር ገምቶታል። ብዙው እንደገባ አይወጣም፤ ይከማቻል። የወጣውም ሁሌ ገንዘብ ሆኖ አይወጣም። ለጀግና የሚሸለመው ቢተዋ፣ የጋሻው ጌጥ፣ የበቅሎው ሉጓም፣ የቤተ ክርስቲያኑ መስቀልና ጸናጽል ሁሉ ከእሷ ይቀልጣል። አገሩ የብር ማዕድን አልነበረውም፤ ስለዚህ የሸዋ አንጥረኛ ማዕድኑ መበለቲቱ ነበረች። አንገቷን ይቆርጣል፣ ንስሯን ያቀልጣል፣ መስቀል ያወጣባታል። ይህንን ሁሉ ጌጥ የሚሠራውን ሰው ግን ጌጡን የሚለብሰው «ጠይብ» እያለ ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከወጣም በኋላ ስድቡ ቶሎ አልጠፋም።

ምኒልክ ከደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1865 እ.ኤ.አ. ከተያዙበት ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ገቡ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዳገት የሚመጣው ጭነት እየተለወጠ ሄደ፤ ጠመንጃ በዛ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነው፣ በጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ተነሣና በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ያን ጊዜ አልጋቸውን ወደ እንጦጦ አዙረዋል፤ ሐረርንም ገና መያዛቸው ነበር። ራምቦ እንጦጦ ድረስ ተከትሎ ሄደ፣ ሲከራከር ሰነበተ፣ ክፍያውንም ሐረር ካሉት ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተጻፈለት። ቆጥሮ የሚሰጠው ጥሬ ብር እንደ ልብ አልነበረም።

ምኒልክ በባዕድ ብር መገበያየቱን መለወጥ ፈለጉ። የራሴ መልክ ያለበት ገንዘብ ይኑረኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ማተሚያ ቤት አስመቱ። በአንድ ገጽ ዘውድ የደፉ ምኒልክ፣ ከሥራቸው በግእዝ ቁጥር፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ፲፰፻፹፯፤ በሌላው ገጽ ዘንግ የያዘ አንበሳ። ሰባራውም መጣ፦ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽ፤ ከመዳብ ደግሞ ቤሳ። ዛሬም ኪሳችን ሲራቆት «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ከዚያ የተረፈ ነው። የምኒልክ ብር በክብደት ከማርትሬዛ እኩል፣ በጥራት ደግሞ በጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ እሷ በሺህ 833፣ እሳቸው 835። ታዲያ ገበያው ምን አለ? ግርሹን ተቀበለ፤ መዘርዘሪያ ያስፈልገው ነበርና። ትልቁን ብር ግን ሲያገላብጥ ቆይቶ «የለመድኩት ይሻለኛል» አለ። ወደ አድዋ ያዘመቱትን ንጉሥ እየወደዳቸው፣ ስማቸውን እያነሣ እየማለ፣ ብራቸውን መለሰ። ይህ ንቀት አይደለም። ሰውየው ከአያቱ ጀምሮ ዕንቁ ቆጥሮ ያመነው አንድ ብር ነበረ፤ ልጁን የሚድርበት፣ ከመሬት ቀብሮ ለክፉ ቀን የሚያቆየው እሱን ነበር። አዋጅ ያንን እምነት በአንድ ጀንበር አያዞረውም።

ጠላትም ይህንን ያውቅ ነበር። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ የማሪያ ቴሬዛን ማተሚያ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። በወረቀት ሊሬ ሸዋን መግዛት እንደማይችል ተረድቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ብራስልስም፣ ኋላ ቦምቤይም መበለቲቱን መቷት።

ከነጻነት በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ የማርትሬዛም ሕጋዊ ገንዘብነት አበቃ። መንግሥት ሕዝቡን ስለሚያውቀው ወረቀቱን ብቻውን አልላከውም፤ ከአሜሪካ በተበደረው ብር ሃምሳ ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር አስመታ። ሰው ወረቀቱን የተቀበለው ያንን ሃምሳ ሳንቲም እየመነዘረ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ነው።

ስሙ ግን አልሄደም። ለታክሲ ረዳት «አሥር ብር» ስንል የምንጠራው የማዕድኑን ስም ነው። በኪሳችን በሚንኳኳው የአንድ ብር ሳንቲም ውስጥ ቅንጣት ብር የለም።

ሽማግሌው አንጥረኛ ማንጠልጠያዋን በየዱት፣ አቀዘቀዙና ሰጡኝ። ሒሳብ ስጠይቃቸው ተቀበሉኝና አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ልጄ፣ ወጣቶቹ እንዲህ ያለውን ያመጡልኛል። አቅልጥልኝ፣ የጆሮ ጉትቻ አድርግልኝ ይሉኛል። ከማቅለጤ በፊት ጠርዙን አሳያቸዋለሁ። አንዳንዱ ይመልሰዋል።»

እናንተም አሁን ተነሡና የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን መስቀል ጠርዙን እዩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ካሉ ከማን እንደ መጣ፣ በስንት እንደ ተገዛ፣ ማን እንደ ሠራው ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉት። ከዚያ በኋላ መሸጥም ማቅለጥም የእናንተ ፈንታ ነው፤ ሳታዩት ግን አትስጡት።